የቀበቶው ጀርባ

ይድረስ ለአባቴ፣

እንደምን ከርመዋል አባባ? ጉልበትዎስ፣ ያ ዝናብ ሲመጣ የሚነግርዎ የቀኝ ትከሻዎስ እንዴት ነው? ከባለወፍጮው ጋር ዳማ ሲጫወቱ አሁንም ያጭበረብራሉ? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ወረቀት ሳነሳ ምን ነካት እንዳይሉ፣ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። ሱቁን ዘጋሁት። በገዛ እጄ፣ እየሳቅሁ ነው የዘጋሁት። ስለዚህ «ብዬሽ አልነበረም ወይ» ለማለት ጉሮሮዎን እየጠረጉ ከሆነ ትንሽ ይታገሱኝ።

የቆዳ ቦርሳ ሱቅ ልከፍት ነው ያልኩዎ ቀን የመለሱልኝን አልረሳሁትም። መዶሻዎን አስቀመጡ፣ አፍዎ ውስጥ የያዟቸውን የጫማ ምስማሮች አንድ በአንድ መዳፍዎ ላይ አወጡና፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ወይ ስፊ፣ ወይ ሽጪ» አሉኝ። እኔም አፌ መቼ ያርፋል፣ «የምሰፋውም የምሸጠውም በእጄ ነው፣ በእግሬ አይደለም» አልኩዎ። ባለወፍጮው ሳቀ፤ እርስዎ አልሳቁም። ሱቁ ሲከፈት እንኳን ደጁን አልረገጡም። ተቀየምኩዎ አባባ፤ ቂሜ ደግሞ፣ የእርስዎው ልጅ ስለሆንኩ፣ በቀላሉ የሚለቅ አልነበረም።

ሱቋ ከመጥበቧ የተነሳ፣ አንዱ ቦርሳ አንግቶ መስታወት ፊት ሲዞር ሌላው ደጅ ወጥቶ መጠበቅ ነበረበት። የመጀመሪያውን ዓመት ራሴን ደስ ያለኝን ብቻ ሰፋሁ። ሣር የመሰለ አረንጓዴ ቦርሳ ሠላሳ ሠርቼ አንድ ተሸጠ። እሱንም የወሰደችው አከራዬ ናት፣ ሽንኩርት ልታስቀምጥበት። ያኔ ነው ሰውን መጠየቅ የተማርኩት። አዋላጇ ነርስ ሁለት እጇን ነፃ የሚያደርግላት ቦርሳ ትፈልግ ነበር፤ አስተማሪው ደግሞ ደብተር ሳይታጠፍ የሚገባበት። ከራሴ ምኞት ይልቅ የሰዉን ትከሻ ማየት ስጀምር ሱቋ ለሰዉ አልበቃ አለች።

«አይሆንም» ማለትን ግን ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ለመጣው ሁሉ «ለሰኞ ይደርሳል» እላለሁ። ሰኞ ሲመጣ የምገባበት ይጠፋኛል። ስለዚህ የስፌት መኪና ገዛሁ፣ ሁለት የሚሰፉ ሴቶች ቀጠርኩ፤ አንዷ ዝምተኛ፣ አንዷ ወሬኛ። እነሱ ይሰፋሉ፣ እኔ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ «እንዴት ያምርብዎታል» ስል እውላለሁ። ስሜ ገነነ። ደስም ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

አሁን ስለ አንድ ደንበኛዬ ላጫውትዎ። ፊቱን አሳይቶኝ አያውቅም። ሱቁ ዓመት ከሞላው ጀምሮ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ይመጣና፣ በወገብ ልክ የተቆረጠ ክር ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ «ቀበቶ ይሰፋልን ተብሏል» ይለኛል። ማነው ያለው ስለው «ደንበኛ ነው» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። እኔም በጥድፊያ ክሩን ሜትር ላይ ዘርግቼ ቁጥሩን እጽፍና ክሩን ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እጥለዋለሁ። ቀበቶውን ግን በእጄ፣ ጀርባውም እንደ ፊቱ እንዲያምር በሁለት መርፌ ሰፍቼ ነበር የምልከው። በዓመቱ ሾፌሩን «ወደደው?» ብዬ ስጠይቀው መልሱ ያው አንድ ነው፤ «ገልብጦ ጀርባውን አየና ዝም አለ።» ይህ ዝምታ ያንገበግበኝ ነበር። ምን ዓይነት ምስጋና የማያውቅ ሰው ነው እያልኩ ለሁለቱ ሴቶች አማሁት።

አምና ጊዜ አጠረኝና የሱን ቀበቶ ወሬኛዋ በመኪና ሰፋችው፤ እኔ ማኅተሜን ብቻ መታሁበት። ከወር በኋላ ሾፌሩ ቀበቶውን መልሶ አመጣው። ምን አለ ስለው ራሱን አከከና፣ «ዘንድሮስ ተናገረ። ይሄን የሰፋው ማነው? አለ» አለኝ።

ወስፌዬን ፈለግሁ። መሳቢያው ግርጌ፣ ከወረቀት ክምር ሥር አገኘሁት፤ ጫፉ ዝጓል። ሳስበው ለካ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ስፌት አልሰፋሁም። በጣም አፈርኩ። አዲስ ቆዳ ቆርጬ ቀበቶውን በእጄ ሰፋሁና ላክሁለት። ሱቁን ለመዝጋት የወሰንኩት ያን ሳምንት ነው፤ ለሁሉም የገባሁትን ቃል እስክጨርስ ግን ዓመት ፈጀብኝ።

የመዝጊያው ቀን ቢያዩት ኖሮ! ሰዉ ከበሩ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰልፏል። ነርሷ የመጀመሪያውን ዓመት ቦርሳዋን አንግታ መጣች፤ ቆዳው አርጅቷል፣ ስፌቱ ግን አንድ ክር አልተተረተረም። አረንጓዴዎቹ ቦርሳዎች ሳይቀሩ አለቁ፤ ዘንድሮ ፋሽን ነው አሉኝ። ሱቁንና የስፌት መኪናውን ሁለቱ ሴቶች በራሳቸው ስም ተረከቡ። እኔን የሙያ ትምህርት ቤቱ ጠርቶኛል፤ ሃያ ሁለት ተማሪ፣ ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል፣ ቀኑን ሙሉ ስፌት። ከሁለቱ ዛፍ አንዱን መርጫለሁ አባባ፤ ጫፉ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልዎ።

ሾፌሩም ያን ቀን መጥቶ ነበር፣ ባዶ እጁን። የዘንድሮው ክርስ ስለው መሬት መሬት እያየ፣ «አላስቸግራት፣ ያሉኝ ይበቁኛል ብሏል» አለኝ።

ሰው ሁሉ ሲሄድ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍቼ ስድስቱን ክሮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። በእጅ ሰም የታሹ ናቸው። ጫፋቸው ላይ ያለው ቋጠሮ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል። እንዲህ የሚቋጥር በዕድሜዬ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፣ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። እሱ ደግሞ ሥራ ገልብጦ ሲያይ አፉን የሚከፍተው ጥፋት ሲያገኝ ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፣ እኔም ስድስት ዓመት ያፈሰስኩትን ቁጭ ብዬ ለቀምኩት። አለቀስኩ፣ ደግሞም ሳቅሁ።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩትም። እያንዳንዱ ክር ከቀደመው ዓመት ክር ያጥራል። መጀመሪያ አንድ አንድ ጣት፣ በኋላ ሁለት ሁለት ጣት። ያንን ሰው ካገኙት «እህል ቅመስ ብላሃለች» ይበሉልኝ።

ሰባተኛውን ቀበቶ ትናንት ጨረስኩ። ልክ ስላልተላከልኝ ቀዳዳውን አበዛሁት፤ ባለቤቱ ሲወፍር ወደ ውጭ ይሄድበታል። ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ሦስት ሳምንት አለኝ፣ ሾፌሩም ለቅዳሜ ከጎኑ ቦታ ይዞልኛል።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ እጅዎን ከሥራ አያጉድለው፣ ባለወፍጮውንም እስክመጣ ድረስ ዳማ ላይ ድል ይንሱት። ቀበቶውን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ ነው የማቀብለው። ምንም ባይለኝ ደስ ይለኛል።

እልኸኛዋ ልጅዎ