ባዶዋ ፍራሽ ሰው አገኘች

ልጄ፣ የረገጥከው ሁሉ ይለምልምልህ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን። የምትጽፈው ታናሽ እህትህ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው።

ሰሞኑን በደስታ የምሆነውን አጣሁ! ቤታችን ልጆች ስጠብቅ ለቦታ ማስያዣ ቀብድ እንደምቀበል ታውቃለህ። አንዲት ልብስ ሰፊ ለልጇ ቦታ ያዘች፤ እኔም ለእሷ ብዬ ሌላ ልጅ መለስኩ። ከዚያ መጥታ፣ "አማቴ ልትጠብቅልኝ ነው፤ ገንዘቤን መልሺ!" ብላ በር ላይ ጮኸች። ሌሎቹ እናቶች ቆመው ያያሉ። ብመልስ ወሩን በምን ልገፋው? ባልመልስ ስሜ ይጠፋል።

"ነይ እስቲ ግቢ" ብዬ ባዶዋን ፍራሽ አሳየኋት። "እዚህ የሚተኛ ልጅ በተገኘ ቀን ቀብድሽን ትወስጃለሽ።"

"እንግዲያው እኔው አመጣልሻለሁ!" ብላ እየተንጨረጨረች ወጣች።

በነጋታው የመንታ እናት የሆነች ጎረቤቷን እየጎተተች መጣች! "ከእሷ የተሻለ ጠባቂ የለም፤ ቀብድ ላይ ብቻ ድርቅ ትላለች" እያለች ታስተዋውቀኛለች። መንታዎቹ ፍራሿን ያዙ፤ እኔም ቀብዷን እዚያው መለስኩላት። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትደበቀው እህትህ እንኳ በሳቅ ፍርስ አለች።

አሁን ለወላጅ ሁሉ ገና ሳይከፍል ውሉን እነግረዋለሁ። አንተም ቤት ስትከራይ አስቀድመህ ጠይቅ፤ በባዶ ሆድም አትውጣ።

የእናት ምርቃት ከፊት ከኋላህ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ ከምሳ በኋላ አትደውል፤ አንዱ መንታ ከነቃ ሌላውም ይነቃል። ማታ ደውልልኝ፤ ድምፅህን እስክጠግብ ልስማው።

እናትህ