የአቶ ኦካዳ ጥሬ ዓሣ

ሐሙስ

ዓሣው ጥሬ ነበር። እሳት የሚባል ነገር ጨርሶ ያልጎበኘው፣ እንደ ጥጃ ምላስ የለሰለሰና እንደ ጉድጓድ ውኃ የቀዘቀዘ ቁራጭ፣ ከአንዲት ጉርሻ በማይበልጥ ነጭ ሩዝ ላይ ተጋድሞ፣ በጥቁር ሳንቃ ላይ ከመሰሎቹ ጋር ተሰልፎ ሲቀርብልኝ፣ ይህን ሁሉ ዘመን በሰው ማዕድ ሳላፍርና ሳላሳፍር ያኖረኝ አምላክ ቢያንስ ፊቴን እንዲይዝልኝ ለመንሁት እንጂ እጄንስ አላነሣሁም።

በዚህ ጉድ ውስጥ የገባሁት በወዳጄ በተስፋዬ የተነሣ ነው። አንዲት ልጁ ሜሮን፣ ስሟን እኔው ያወጣሁላትና ፊደል ያስቆጠርኋት፣ ኬንጂ የሚባል የጃፓኖች ልጅ አገባለሁ ብላ ከቆረጠች ቆይታለች። የልጁ ወላጆች አቶ ኦካዳና ባለቤቱ የሚኖሩት ኮንየርስ በምትባል ከተማ ነው፤ አባትየው እዚያ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። እነዚህ ሰዎች ታዲያ፣ መተዋወቅ ከሠርግ ይቅደም ብለው፣ ተስፋዬን ከነወዳጆቹ እስከ እሑድ ድረስ የአገራቸውን ምግብና ወግ እንድናይ ጋበዙን። ተስፋዬ ስለ ጋብቻው እሺም እምቢም ሳይል ትናንት አቮንዴል እስቴትስ ያለው ቤቴ ድረስ መጣና ምን አለኝ? "መምህር፣ እኔ አባት ነኝ፣ ዓይኔ ታውሯል። አንተ እያቸው። እሑድ ፊትህን አይቼ ቃሌን እሰጣለሁ።"

ሜሮን ደግሞ አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም ብላለች። እንግዲህ የአንዲት ልጅ ትዳር በእኔ ፊት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው ይህን ዓሣ በዚሁ ፊቴ ፊት ያስቀመጡት።

ሦስተኛው ወዳጃችን ግርማ፣ ከኮሌጅ ፓርክ ሆቴሎች ወደ ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ የኖረው፣ አሁንም ለእኛ የሚነዳልን፣ ሁሉንም በየተራ በላ። ዳር ላይ የተቀመጠችውንም አረንጓዴ ሰናፍጭ አቮካዶ መስላው ሙሉዋን ጎረሰና እንባው እስከ አገጩ ወረደ። ዕረፍት ካገኘ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ስትቆርጥ የኖርህ ሰው፣ ዓሣ ምን አደረገህ?"

የበሬ ሥጋ ሌላ ነው አልሁት። በሬ ተባርኮ ይታረዳል፣ ደሙ ይፈስሳል፣ ሙቀቱ ሳይለቀው ይቀርባል። "ይሄኛው ደግሞ ታጥቦ ነው የኖረው" አለኝ። መልሴ ራሴንም አላረካኝም፤ ቢሆንም ከዓሣው አላስታረቀኝም።

ዓርብ

ጾም ነው። ይህንንም ለኬንጂ አስቀድሜ፣ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እኔ ዓሣን በጾም ከሚፈቅዱት ወገን አይደለሁምና ዓሣም የለም ብዬ ዘርዝሬ ነግሬዋለሁ።

ጠዋት የጃፓን የአትክልት ስፍራ ወሰዱን። ጠጠሩን እንደ ጠጉር አበጥረውታል፤ ማንም አይረግጠውም፤ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ በዝምታ ይመለከተዋል። ግርማ "ይሄን ሁሉ ቦታ ለምን ፓርኪንግ አያደርጉትም?" ብሎ ተስፋዬን አሳቀው። እኔን ያስቀየሙኝ ግን ዛፎቹ ናቸው፤ ቅርንጫፋቸው በሽቦ ተጠፍሮ፣ ሥሮቻቸው ተከርክመው፣ ሳሕን በምታህል ሸክላ ውስጥ ቆመው እንዲያረጁ የተፈረደባቸው ድንክ ዛፎች። ከመካከላቸው አንዱን እያሳየ፣ እንዲህ ያለ ዛፍ አያት ተክሎ ለልጅ ልጅ ያወርሰዋል አለኝ ኬንጂ፣ በኩራት። የልጅ ልጅ ጥላው ሥር የማይቀመጥበትን ዛፍ ማውረስ ምን ዓይነት ውርስ እንደሆነ ልጠይቀው አስቤ፣ ልጁ ጨዋ ነውና ተውሁት።

ምሳ ላይ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። በትልቅ ጎድጓዳ ሳሕን መረቅ ውስጥ ረጃጅም ፓስታ ይቀርባል፤ እርሱንም አፍን ወደ ሳሕኑ ደፍቶ፣ ላም ከገንዳ ውኃ ስትስብ እንደምታሰማው ያለ ድምፅ እያሰሙ መማግ ጨዋነት ነው ተባለ። ሲያላምጥ ድምፅ ያሰማ ልጅ ከማዕድ ተነሥቶ በሚባረርበት ቤት ያደግሁት እኔ፣ ዙሪያዬን የከበበኝን የመማግ ዝማሬ እየሰማሁ ጆሮዬን የማደርግበት አጣሁ። ግርማ ለምዶት ከባለቤቶቹ በለጠ።

ለእኔ ለብቻዬ የመጣው የጾም ሳሕን ላይ ቡናማ ቅጠል የሚመስል ነገር ተነስንሶ ነበር። ቅጠሉ ተነቃነቀ። በእንፋሎቱ ላይ እየተጠማዘዘ፣ ነፍስ እንዳለው ሁሉ፣ ይደንስ ጀመር። ምንድን ነው ብል፣ ደርቆ የተፋቀ ዓሣ ነው፤ መረቁም ከእርሱው የተቀዳ ነው። ኬንጂ ደነገጠ፤ ለካ ለእነርሱ ዓሣ እንደ ጨው ነው፣ ከምግብ አይቆጠርም። ሳሕኔን ገፋ አድርጌ ተቀመጥሁ። ወይዘሮ ኦካዳ የተገፋውን ሳሕን አየች።

ተስፋዬም እኔን አየ።

ቅዳሜ

ቁርስ እቤታቸው፣ ኮንየርስ። ጫማ በር ላይ ወለቀ፤ ይህስ ደግ ነው፣ እኛም የምናወልቅበት ቦታ አለን። ከዚያ በኋላ ግን ተንበርክኮ፣ ተረከዝ ላይ ተቀምጦ፣ አረፋ እስኪያወጣ የተመታ አረንጓዴ ሻይ በሁለት እጅ ተቀብሎ፣ ሲኒውን አዙሮ መጠጣት ነው። ሣር ሣር ይላል። ልነሣ ስል ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ኬንጂና ግርማ በግራና በቀኝ ብብቴን ይዘው እንደ ወደቀ ምሰሶ አቆሙኝ። "መምህር፣ በስግደት የሚያምህ ጉልበት በጃፓንም ያምሃል ማለት ነው?" አለኝ ግርማ።

ስለ ባቄላው መጻፍ ግድ ሆኖብኛል እንጂ ባልጻፍሁት በወደድሁ። የበሰለ ባቄላ ሆን ብለው እስኪሻግት ያቆዩታል፤ በሁለቱ የመብያ እንጨቶቻቸው ሲያነሡት እንደ ሸረሪት ድር የሚጎተት ለሃጭ ከሳሕኑ እስከ አፋቸው ይዘረጋል፤ ሽታው ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ሳይታጠብ የከረመ ካልሲ ነው። ተስፋዬ አንድ ፍሬ ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

ይህን በምጽፍበት ብዕር ግን እውነቱን ሁሉ ልጽፍ ይገባኛልና፣ ወይዘሮ ኦካዳ ከማድቤት ተመልሳ፣ ዓሣም ባቄላም ያልነካው፣ ከነልጣጩ የተጠበሰ ስኳር ድንች በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አጠገቤ አስቀመጠች። በላሁት። የትናንቱን ሳሕን አልረሳችውም ነበር።

ተስፋዬ የእኛንም ይቅመሱ ብሎ ክላርክስተን ካለ የአበሻ ምግብ ቤት ክትፎ አስይዞን ነበር። እዚህ ላይ ነው ያልጠበቅሁት የገጠመኝ። አቶ ኦካዳ ጥሬ ሥጋውን ሲያይ ቅንድቡም አልተነቃነቀ፣ በእንጨቶቹ አንሥቶ በአክብሮት በላ። እኛ ግን ሦስታችን ከአንድ ትሪ በእጃችን ስንቆርስ፣ ግርማም ጣቱን ሲልስ፣ የሰውየው ጉሮሮ ወደ ላይ ወጥቶ ወረደ። ፈገግታውን አላቋረጠም። ዓይኑ ግን እጃችን ላይ ቀረ፣ እኔም ዓይኑን አወቅሁት፤ ሐሙስ ዕለት እኔ ዓሣውን ያየሁበት ዓይን ነው።

ስንወጣ ሜሮን እስከ መኪናው ሸኘችኝ። አንተ ነው የምትለኝ፤ እርስዎ ማለት እዚህ አገር አልበቀለላትም፣ ከይቅርታ ጋር ለምጄዋለሁ።

"አባባ፣ ፊትህ እኮ ቲቪ ነው። ሁሉ ነገር ይታይበታል።"

"ምን ላድርገው ልጄ? ሽፋን የለው።"

"ዳዲ ደግሞ ዋች እያደረገህ ነው። ነገ ኖ ካለ እኔ አላገባም፣ ቃሌ ነው። ግን ኬንጂን አጣዋለሁ። ጀስት... ትንሽ ትራይ አድርግ። ፎር ሚ።"

ውሸታም ፊት አይኖረኝም አልኋት።  ነገ ቢጠይቀኝ ምን እንደምል እርግጠኛ ሆኛለሁ፤ ማዕዳቸው ከማዕዳችን፣ እጃቸው ከእጃችን የማይገጥም ሰዎች ልጅ ሊለዋወጡ አይገባም እላለሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ለእራት ሄድን። 

ማዕዱ ሙሉ ነበር፤ ጥሬውም የበሰለውም። ለእኔ ብላ ወይዘሮ ኦካዳ ደንበኛ ሆኖ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ ሠርታለች። አራት ቀን ስታገል የከረምሁባቸው ሁለቱ የመብያ እንጨቶችም በመጨረሻ ታዘዙልኝ። ያን ጊዜ፣ ሊፈርድባቸው የመጣ ሰው ቢያንስ በወጉ አመስግኖ ይፍረድ ብዬ፣ አቶ ኦካዳን ላጎርሰው አሰብሁ። እጃችንን እንደሚጸየፍ ስለማውቅ በእጄ አላደረግሁትም፤ ለእርሱ ክብር ስል ከሥጋው መርጬ፣ በእንጨቶቹ አንሥቼ፣ በማዕዱ ላይ ወደ እርሱ ዘረጋሁ።

እርሱም ሳያስበው በራሱ እንጨቶች ሊቀበለኝ እጁን አነሣ፤ ከዚያም ባለበት ደረቀ። ወይዘሮ ኦካዳ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ አፏን በእጇ ያዘች። ኬንጂ አንገቱን ደፋ።

"ምን ሆነ?" አለ ተስፋዬ።

ኬንጂ በዝግታ ነገረን። ከእንጨት ወደ እንጨት መቀባበል በሕይወት ባለ ሰው ማዕድ አይደረግም፤ የሚደረገው ሬሳ ከተቃጠለ በኋላ፣ ቤተ ዘመድ ከአመዱ ውስጥ አፅሙን እያነሣ ሲቀባበል ብቻ ነው። አባቱ ባለፈው ክረምት የወንድሙን አፅም እንዲሁ ተቀብሏል።

እኔ፣ በአራት ቀን ውስጥ ያላየሁት ጸያፍ ነገር የለም ያልሁት ሰው፣ በመተጫጫ ማዕድ ላይ አፅም አቀበልሁ። የተስፋዬ ፊት አመድ ሆነ። ሥጋው ከእንጨቴ ላይ ወደቀ።

ሜሮን ነበረች የተናገረችው፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በለመደችው ጃፓንኛ። ቃሉን ሁሉ አልተከተልሁም፤ "ጉርሻ" ያለችውን ግን ሰማሁ፤ የኬንጂም አፍ ቃሉን ሲደግም አየሁ። ማጉረስ የፍቅር እንደሆነ፣ በእጅ እንጂ በእንጨት እንደማይደረግ፣ እኔም እጄን የሰወርሁት አባቱ እንዳይጸየፍ ብዬ እንደሆነ ነገረቻቸው። ይህን የመጨረሻውን እኔ አልነገርኋትም፤ ከፊቴ አንብባ ነው።

 አቶ ኦካዳ እንጨቶቹን በሥርዓት አጋድሞ፣ ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ከፈተ።

ተነሥቼ እጄን ታጠብሁ። አጎረስሁት። ሲውጠው የጉሮሮውን ትግል አየሁ። "አንድ ያጣላል" አለ ግርማ፤ እውነት ነው፣ አንድ ጉርሻ አይበቃም፤ ሜሮን ተረጎመችና ሁለተኛውን ደገምሁ። ወይዘሮ ኦካዳ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች፤ ኬንጂም ሳቀ።

ሰውየው ዓይኑን ገለጠና እጁን በእርጥብ ፎጣ ጠረገ። ሊበላ መስሎኝ ነበር። በገዛ ጣቶቹ፣ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያን ቀይ ጥሬ ዓሣ አነሣና በማዕዱ ላይ ወደ አፌ ዘረጋው። ማምለጫ የለም። ጎረስሁ። ቀዝቃዛ ነው፣ ያንሸራትታል፣ ጥርስ አያገኘውም፤ ሰናፍጩም እስከ አናቴ ወጣ። ሁለተኛውንም አመጣው፤ አንድ እንደማይበቃ ያስተማርሁት እኔው ነኝና።

ስውጥ እንባዬ ወረደ። ቀና ስል ተስፋዬ ያየኛል፤ ሌላ ማንንም አያይም፣ ፊቴን ብቻ። ምንም ሳልናገር፣ አፌም ባዶ ሳይሆን፣ "ይሁን፣ መርቄያለሁ" አለ። ሜሮን አባቷ ጉልበት ላይ ወደቀች።

ሰኞ

 ዓሣው ዛሬም ያስጠላኛል፤ ባቄላውም፤ የታሰረው ዛፍም።

ግርማ በስልክ እየሳቀ "ሰናፍጩ ነው አይደል ያስለቀሰህ? ሐሙስ እኔን እንዳደረገኝ። ምስኪን ተስፋዬ፣ በሰናፍጭ ልጁን ዳረ" አለኝ። ሳቅሁለት። ቀጥሎ ተስፋዬ ደወለ፤ ድምፁ አርፏል። "ፊትህን አይቼ ነው፣ ተሳስቼ ከሆነ ዛሬ ንገረኝ" አለ። ልክ አይተሃል አልሁት፤ ሳላቅማማ ነው ያልሁት፣ ራሴንም ገረመኝ።

ሜሮንም አቶ ኦካዳ ለሚመጣው ቅዳሜ ቁርስ እንደሚጠብቀኝ ነግራኛለች። ባቄላው ይኖር እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርሁ።

ስልኩን ከዘጋሁ ጀምሮ የማስበው አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ አረንጓዴው ሰናፍጭ ነበረበት፤ ሁለተኛውን ግን ከጣቱ ላይ ሳለ አይቼዋለሁ፣ ምንም አልነበረበትም። እንባዬ የወረደው በሁለተኛው ነው።