በሐዘን ዓመት ያደስሁት ባለ ሰባት ክር ጊታር

ይድረስ ከእናት ላላነሰችኝ እህቴ ለብዙአለም ገብሩ፣ ጎንደር።

እታለም፣ ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብሽ የጉልበት ቁርጥማት ተወሽ ወይስ ዛሬም ደጃፍ ላይ ያስቀምጥሻል? ባለቤትሽ አያ ደምለው የቀን ሥራውን እንደያዘ ነው? ልጆቹስ ትምህርታቸውን ያዙ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። አክስታችን ሰብለወርቅም ደኅና ናት፤ ስኳሩ አልፎ አልፎ ይጥላታል እንጂ ምላሷ እንደሆነ በየዓመቱ እየተሳለ ነው። ጠዋት ጠዋት ስምሽን ሳትጠራ ከቤት አትወጣም።

«ተቀይመኸኛል ወይ? እውነቱን ንገረኝ» ብለሽ የላክሽልኝን መልእክት ከሰማሁ ሰነበትሁ። ሳልመልስልሽ የቀረሁት ንቄሽ አይደለም። ስልክ አነሳና ድምፅሽን ስሰማ «ሁሉ ሰላም» ብዬ እዘጋዋለሁ። አሁን የሰፈራችን ቄስ፣ ቄስ መንበሩ፣ ወደ ጎንደር ሊሄዱ መሆኑን ስሰማ ደብዳቤ ጽፌ በእሳቸው እጅ ልልክልሽ ቆረጥሁ። አዎ እታለም፣ ተቀይሜሽ ነበር። ለምን እንደሆነና ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገርሽ፤ ብቻሽን ስትሆኚ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጊታሩ ነው። ፎቶውን የላክሁላችሁ ጊዜ አባየ ስልኩን አገላብጦ አይቶ «ክራር በስድስት ጅማት አገር ሲያስለቅስ ኖሮ፣ ይኼ ሰባተኛው ለየትኛው ጉድ ነው?» ማለቱን ታስታውሻለሽ። ሰባተኛው ክር ከሁሉም ወፍራሙ ነው፤ ድምፁ ወደ ታች የወረደ፣ ጆሮ ሳይሰማው ደረት ላይ የሚያርፍ። ጊታሩ ውድ አይደለም። እዚሁ አሽዶድ፣ ሮቫ ዳሌት በሚባለው ሰፈራችን የነበረ አንድ ሩሲያዊ ሰፈር ሲለቅ በርካሽ ሸጠልኝ፤ ፋብሪካውም ለጀማሪ ብሎ የሠራው ነው። እንጨቱ ደኅና፣ አንገቱም ቀጥ ያለ ነው። ጉድለቱ በትንንሹ ዕቃ ላይ ነበር። የመቃኛ ቁልፎቹ ይንሸራተታሉ፤ አንዱን ቃኝተሽ ወደ ሌላው ስትሄዪ የፊተኛው ይላላል። አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ጫፋቸው በደንብ ስላልተሞረደ እጄን ይቧጥጡኛል። ድምፅ የሚይዙት ማግኔቶችም ሳልጫወት እንኳ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማሉ። ቢሆንም ወደድሁት። ውድ ቢሆን ኖሮ እፈራው ነበር፤ ርካሽ ስለሆነ የቤተሰብ ያህል ቀረብሁት።

የምንጫወተው ከኤሊያብ ጋር ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ የእኛው ልጅ ነው፤ ቀን ወደብ ላይ ኮንቴይነር ያስራል፣ ሲወጣ ከበሮ ይመታል። የምንለማመደው ሲረን ሲጮህ ሰፈሩ በሚጠለልበት ሚክላት ውስጥ ነው፤ ከመሬት በታች ስለሆነ ጎረቤት አይቆጣም። ሙዚቃችን ከባድና ጯሂ ነው፤ አንቺ ብትሰሚው የቆርቆሮ ቤት የፈረሰ ይመስልሻል። አንዷን ግን ታውቂያታለሽ። አባየ ወናፍ እየነፋ ብረት ሲያግል የሚያንጎራጉራትን ዜማ ወስጄ ሰባተኛው ክር ላይ አወረድኋት። ቃል የላትም፤ እሱም ቃል አስገብቶባት አያውቅም ነበር። ማትናስ የሚሉት የሰፈሩ የሕዝብ ማእከል በአዳራሹ እንድንጫወት ቀን ሲሰጠን በዚያች ዜማ ላይ ስንት ወር ለፋን።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከአዳራሹ ጓሮ ሆኜ ደወልሁልሽ። አባየን አገናኚኝ ስልሽ ብርድ መትቶት ተኝቷል አልሽኝ። ከኋላሽ የሰው ኮሽታ ሰምቼ ማን አለ ብልሽ፣ ጎረቤት ሰርግ ስላለ ሴቶች መጥተው ነው ብለሽ ሳቅሽ። ማታ መድረክ ላይ ወጥቼ በዕብራይስጥም በአማርኛም «ይህቺ ጎንደር ላለው አባቴ ናት» አልሁ። አክስታችን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። አባየ ካረፈ አራተኛ ቀኑ እንደሆነ ታውቃለች። አጨበጨበች እታለም። እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች አጨበጨበች፤ እኔ ሞኙ የኩራት እንባ መሰለኝ። ቅጂውን ስልክልሽ «አባየ ሰምቶ መርቆሃል፤ ክንድህን ያበርታው ብሎሃል» ብለሽ መለስሽልኝ። ያን መልእክት ደጋግሜ እየሰማሁ ተኛሁ።

ሰንበት ከወጣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ቄስ መንበሩ ነጭ ጥምጣማቸውን እንዳሰሩ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከእነሱ ኋላ አክስታችን። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የእኛ ሰው የለም። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ።

መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ። ሰው በባዕድ አገር ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ እያልን ሞትን ስንደባብቅ የኖርን ሕዝብ ነን። «ሙት አይሸሽም፤ ልጁ የለፋበትን ይጨርስ» ማለትሽንም አክስታችን ነገረችኝ። ይህን ሁሉ መቀበል አያቅተኝም ነበር። አልዋጥ ያለኝ ምርቃቱ ነው። አፈር በለበሰ አባቴ አፍ ቃል አስገብተሽ ላክሽልኝ። እኔም በሞቱ ሰሞን መድረክ ላይ ስወዛወዝ ያየ ሰው ልጅ ይለኛል ወይ እያልሁ በኀፍረት ተቃጠልሁ። አንቺ ባለትዳር ስለነበርሽ ወደ እስራኤል የመግቢያ ፋይልሽ ከእኛ ተለይቶ ሲቀር፣ አባየ «ብዙአለምን ጥዬ አልሄድም» ብሎ ከአንቺ ጋር ሲቀር፣ እኔ ብቻዬን ከአክስታችን ጋር ስመጣ አልከፋኝም ነበር። ያን ጊዜ ግን እሱ እስከ መጨረሻው የአንቺ ብቻ ሆኖ የቀረ መሰለኝ።

እዚህ ለወላጁ የሚያዝን ልጅ ዓመት ሙሉ ሙዚቃ አይጫወትም፣ አይሰማም። ሺቫዬን፣ የሰባት ቀኑን ለቅሶ፣ ጨርሼ ስነሳ ጊታሩን ጨርቅ አልብሼ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አቆምሁት። ኤሊያብ መጥቶ «ሐቫል፣ አኺ፣ ያሳዝናል ወንድሜ፣ እንዲህ ጥለኸው ከቆየ እኮ አንገቱ ይጣመማል» አለኝ። ያለ ሥራ መቀመጥ ለእጄም ከበደው። ቄስ መንበሩ ዘንድ ሄጄ፣ ሳልጫወትበት ባድሰው ነውር ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሞፈር የሚጠርብ ሰው አረሰ አይባልም፤ ጥረብ» አሉኝ። ታዲያ አድሼው ሲያበቃ ክሩን መቃኘት አለብኝ፣ እሱስ ብላቸው «እስኪስተካከል መታ መታ አድርገው፤ ዜማ ልሁን ሲል ተወው» አሉ።

ሰሜን ካለው የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ፎርክሊፍት ከምንጠግንበት ጋራዥ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ አጋድሜው እቀመጣለሁ። መጀመሪያ የአንገቱን ብረቶች ሞረድሁ። ሞረድ መያዝ ያስተማረኝ አባየ ነው፤ «ግፋው እንጂ አትጎትተው፣ ሞረድ ሲመለስ አይበላም» ይለኝ ነበር። ጫፎቹን አንድ በአንድ አለዘብሁና በብርጭቆ ወረቀት አሸኋቸው፤ አሁን እጅሽን ከላይ እስከ ታች ብታንሸራትቺበት አይቧጥጥሽም። ቁልፎቹን ክሩን ነክሰው በሚይዙ ለወጥኋቸው። ክሮቹ ከራሱ ወደ አንገቱ ሲሻገሩ የሚያርፉባት ፕላስቲክ ነበረች፤ እሷን ጥዬ አክስታችን ለሾርባ ካመጣችው የበሬ አጥንት ቆርጬ፣ ቀቅዬ፣ በረንዳ ላይ አድርቄ በምትኳ ቀረጽሁ። «ሾርባዬን ከድስት አውጥቶ እንጨት አበላብኝ» እያለች ለመጣው እንግዳ ሁሉ ከሰሰችኝ። ቀላል ሥራ እንዳይመስልሽ፤ ብዙ አጥንት አበላሽቻለሁ። የሰባተኛው ክር ማረፊያ ጠባብ ከሆነ ክሩን ነክሶ ይይዘዋል፣ ሰፊ ከሆነ ያንጫጨዋል።

ማግኔቶቹን ከቴል አቪቭ አስመጥቼ ራሴ በካውያ በየድኋቸው። የጀርባውን ክዳን ስከፍት ከክሮቹ ማሠሪያ ወደ ውስጥ የምትገባው ሽቦ ከጥንቱም ሳትበየድ ተንጠልጥላ አገኘኋት። ያ ሁሉ ጉርምርምታ የአንዲት ሽቦ ጉዳይ ኖሯል። ስጨርስ ማግኔቱን በካቻቪት ጫፍ ነካ አደረግሁት፣ ከማጉያው «ጠቅ» አለ፤ ቶሎ ብዬ ነቀልሁት። ዕቃው እንዲህ በየወሩ እየተሻሻለ ሄደ። እኔ ግን ባንቺ ላይ ያለኝ ቂም እንዳለ ነበር። እንዲያውም ሥራው ዝምታ ስላለው እያብሰለሰልሁ የባሰብኝ ጊዜም አለ።

ባለፈው ወር ሽባባው መጣ። ያ ከናንተ ጋር አጥር የሚዋሰነው፣ በቅርቡ ወዲህ የገባው ነው። ለቅሶ ሳልደርስህ ቆየሁ ብሎ ነው የመጣው። እኔ አጥንቷን እየፋቅሁ እሱ የአባየን ቀብርና ለቅሶ ያወጋኝ ጀመር፤ ስለ ስልኩ የማውቅ መስሎት ነበር። እንዲህ አለኝ፦ «እህትህ ደረቷን እየደቃች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ስምህን አየችና እጇን ወደ ላይ አነሳች። ድንኳኑ ሙሉ ሰው አፉን ያዘ። አልቃሿ የጀመረችውን ግጥም ዋጠችው፤ ሕፃን የያዙት እያፈኑ ወደ ውጭ ወጡ። ጉሮሮዋን ጠራርጋ አነሳችው። ስትስቅልህ ስንሰማ ሽማግሌው ሁሉ አቀርቅሮ ያለ ድምፅ አለቀሰ። ስልኩን ስትዘጋው ግን መሬት ላይ ወደቀች፤ ያነሳናት እኛ ነን።»

ሞረዱን አስቀመጥሁት። ሽባባው ያጠፋ መስሎት ደነገጠ። እታለም፣ እኔ ያን ዕለት የሰማሁት ኮሽታ ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ሲይዝ ነበር። ዓመት ሙሉ የተደበቀብኝን ስቆጥር፣ አንቺ ከመሃል ቆርጠሽ የዋጥሽውን ለቅሶ አንድ ቀን አላሰብሁትም። አባትሽን ቀብረሽ፣ ገና እንባሽ ሳይደርቅ፣ ለእኔ አንድ ማታ ደስታ ብለሽ ሳቅ አበደርሽኝ። እንዴት አድርገሽ ቻልሽው? እኔ ብሆን አልችለውም።

ምርቃቱንም ደጋግሜ አሰብሁት። «ክንድህን ያበርታው» አባየ ሥራ ላይ ላየው ሰው ሁሉ የሚለው ነው፤ ምን ሊለኝ እንደሚችል ካንቺ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ደግሞስ አባት ሲያርፍ ታናሹን የሚመርቅ ታላቁ አይደለም? ያን ቀን የመረቅሽኝ አንቺ ነሽ። የእሱ አይደለም ብዬ ስጣላው ኖርሁ፤ አሁን የአንቺ ነው ብዬ ተቀብየዋለሁ። አልተቀየምሁሽም። ለመመለስ ይህን ያህል ስለዘገየሁብሽ ግን አንቺም አትቀየሚኝ።

ጊታሩ አልቋል። ልብሱን እንደለበሰ ቆሟል፤ ያደስሁት ሁሉ ገና አንድ ዜማ አልወጣበትም። ዓመቱ ጥር ላይ ሲሞላ ኤሊያብ በዚያው ሳምንት ማትናሱን እንከራይ ይላል። እኔ ግን እንዲጠብቀኝ ነግሬው ወደ ጎንደር ትኬት ቆርጫለሁ። አንቺ እዚያ ለብቻሽ ለቅሶ ተቀመጥሽ፤ እኔም እዚህ ለብቻዬ ተቀመጥሁ። የአንድ አባት ልጆች ሆነን በአባታችን አንድ ቀን አብረን አላለቀስንም። ዓመቱ ሞልቷል ብለሽ ሰው እንዳታፍሪ። ለአንድ ቀን ምንጣፉን መልሰሽ አንጥፊልኝና ጎን ለጎን እንቀመጥ። መጫወቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አያ ደምለውን እጅ ነስቼ ሰላም ብያለሁ፤ አባየን እስከ መቃብሩ የተሸከመልኝን ትከሻ ስሜያለሁ በይልኝ። ዴቦራን ሁለት ጉንጯን፣ አዲኤልን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ጫማ ቁጥራቸውን በቄስ መንበሩ ላኪልኝ። ያን ዕለት ለእኔ ሲሉ ዝም ላሉት ጎረቤቶች ሁሉ፣ ለአልቃሿም ጭምር፣ ወንዳለ ሰምቷል፣ ያመሰግናችኋል በያቸው። አክስታችን ብዙ ብዙ ሰላምታ ብላለች፤ ያንን ጭብጨባ ይቅር በለኝ ብላ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል አቅፌ አስቀርቻታለሁ።

ላንቺ ሰላምታዬን በወረቀት አልጨርሰውም፤ ይዤው እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከግቢው በር ስደርስ እያለቀስሽ ካገኘሁሽ፣ ለእኔ ብለሽ አታቋርጪ።

ታናሽ ወንድምሽ ወንዳለ ገብሩ
ሮቫ ዳሌት፣ አሽዶድ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.