ከሐና ትራስ ሥር የተገኘው ማንጋ

ሐሙስ፣ ጥር 14

ጠዋት የልጅ ልጄ ሐና ትምህርት ቤት እንደሄደች አልጋዋን ሳነጥፍ ትራሷ ሥር አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ማንጋ የሚሉት የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አንዲት ልጅ ከአንድ ሽማግሌ አውሬ ጋር በአንድ ሳህን ስትበላ ይጀምራል፤ እየቆየች ትፈራዋለች፤ በመጨረሻ ሻንጣዋን ይዛ ባቡር ጣቢያ ብቻዋን ትቀመጣለች። ሲነጋገሩ መልሱ ከጥያቄው ይቀድማል፤ የአሳታሚው ግድየለሽነት መሰለኝ። አንዱ ገጽ ላይ አውሬው በእርሳስ መነጽር ተስሎለታል፤ እንደ እኔው በክር የታሰረ።

እናቷ እኔ ጋ ትታት ጅቡቲ ከገባች ሁለት ዓመት ሆነ። ሐና ደግሞ ባለፈው ሳምንት የጅቡቲ ባቡር በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠይቃኛለች።

መጽሐፉ የጓደኛዋ የነጃት ነው፤ ስሟ ተጽፎበታል። መጋላ ገበያ፣ የነጃት እናት ሱቅ ድረስ ይዤው ሄድሁ። «ልጆችን ከቤት መጥፋት የሚያስተምር መጽሐፍ ነው» አልኋት። ገለጥ ገለጥ አድርጋ በሳቅ ፍርስ አለች።

«አቦ መምህር! ከኋላ ነው እንዴ ያነበብኸው? ይሄ እንደ ቁርኣን ከቀኝ ነው የሚጀመረው፣ ወላሂ!»

እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ እንደገና አነበብሁት። ጣቢያ የተጣለችውን ልጅ አውሬው ያገኛታል፤ መጀመሪያ ትፈራዋለች፤ መጨረሻ ላይ አብረው ይበላሉ። መነጽሩ የተሳለው እዚያ የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው።

ሐና ሳትመጣ መጽሐፉን ቦታው መለስሁት። የባቡሩን ሰዓት ለምን እንደጠየቀችኝ ግን አሁንም አልገባኝም። ለማንኛውም የሐናን ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ አናት አውርጄ እኔ አልጋ ሥር አስገብቼዋለሁ።