በራቸውን በፍርድ ያስከበሩት ምሕረቱ ፋንታሁን

አቶ ምሕረቱ ፋንታሁን ከአባታቸው ከአቶ ፋንታሁን ሎምባሞ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጥሽ ኤርጎጌ በ1977 ዓ.ም. ሆሳዕና ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ ያሳደገቻቸው ይህን የሕይወት ታሪክ ያስጻፈችው አክስታቸው እናትነሽ ናት። እሷ ፊደል አታውቅም፤ እሳቸውን ግን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለች።

በ1999 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ መጥተው ጀርሚስተን ከተማ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከፈቱ። ከአገር ቤት መጥቶ ማደሪያ ያጣ ሁሉ ዮቪል ሰፈር ባለው ቤታቸው ፍራሽ ተነጥፎለታል፤ ቁልፍም ተሰጥቶታል። ቁልፌን መልሱ ብለው አያውቁም። እዚህ ለቅሶ ከመጣችሁት የተኛችሁበት ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

በ2012 ዓ.ም. ከእነዚሁ እንግዶች ሁለቱ በዚያው ቁልፍ ከፍተው ገቡ፤ አቶ ምሕረቱን ከሚወዱት ወንድ ጋር በተኙበት በስልክ ቀርጸው ለአገሩ ሁሉ በተኑት። እሳቸው አልሸሹም፤ ከሚወዱት ሰው ጋር ሆነው ሁለቱን እንግዶች ከሰሱ። የሁለተኛው ከሳሽ ስም በችሎት እንዳይጠራ ተፈቀደ። በ2016 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ፣ ሰው በሩን ዘግቶ ማንን እንደሚወድ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ያንን ገልጦ ማዋረድም ያስጠይቃል ብሎ ፈረደላቸው። ጋዜጣው «ታላቅ ፍርድ» ብሎ ጻፈው። የማያውቋቸው ሰዎች ሱቃቸው ድረስ መጥተው አቀፏቸው። የእኛ ሰው ግን ከእድር አስወጣቸው፤ ሰላምታም ነሳቸው። አንዱ ሽማግሌ፣ «እንግዲህ ዳኛው ይቅበረው» አሉ።

በኩላሊት ሕመም ወራት ሲተኙ የሀበሻ እግር ደጃቸውን አልረገጠም። ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ሠርተው የሚያመጡላቸው የዙሉ ደንበኞቻቸው ነበሩ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአርባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። አሁን ድንኳኑ ሞልቷል፤ ደግ ነው፣ ተቀመጡ።

ትናንት የእድሩ ሽማግሌዎች ወደ አክስታቸው መጥተው «ትዳር ሳይመሠርቱ ዐረፉ ተብሎ ይጻፍ» አሏት። እሷ ግን ውሸት አላስጽፍም ብላ ሸኘቻቸው።

የሚቀብሯቸው ዳኛው አይደሉም። አሥራ አንድ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት፣ ያስታመሟቸው፣ አጥበው የገነዟቸው ያ ስማቸው ያልተጠራው ሁለተኛ ከሳሽ ናቸው። ዛሬ «ስሜ ይነበብ» ብለዋል። ማናሴ ኤርሱሞ ይባላሉ። አንገታችሁን አታስረዝሙ፤ ሳጥኑን ይዘው የቆሙት ናቸው። ስልካችሁንም ኪሳችሁ ክተቱ።

ሐዘንተኞቻቸው አክስታቸው እናትነሽ፣ እህታቸው ሰላማዊት እና የቤታቸው ሰው ማናሴ ናቸው። ጌታ ነፍሳቸውን ከእሱ በቀር ማንም ቁልፍ በሌለው ቤት ያሳርፍልን።