አንተ ስትመጣ የሚነሳው ሞተር

ውድ አማቼ፣

ጨርቁን የወተፍኩት እኔ ነኝ። ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ ከሦስት ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ ሰላምታው ከእሷ ኋላ በመምጣቱ አትቀየመኝ። እንዴት ሰንብተሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ብቻ እያስቸገረኝ ነው፤ እሱንም ደንበኞቼ እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የምታገለው።

«ምን ጨርቅ?» ብለህ ወረቀቱን ገልብጠህ ታይ ይሆናል። ለልጄ፣ ለእህትህ ልጅ፣ የሸጥክላት ቀይ ሞተር ከመቀመጫው ሥር አየር የሚስብበት ሳጥን አለው። ከሳጥኑ ወደ ካርቡራተሩ የሚወስድ የጎማ ቱቦም አለ። ጨርቁ እዚያ ውስጥ ነበር። ሞተርህ አልተበላሸም ነበር። አንተም ማንንም አላታለልክም።

ልጅቷ ያኔ የውሃ ቆጣሪ ለማንበብ ቤት ለቤት በእግሯ ትዞር እንደነበር ታስታውሳለህ። ስትመለስ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ «አባዬ፣ ዛሬ አራት ውሻ አባሮኛል፤ አንዱማ እስከ ቢሮ ሸኝቶኛል» ትለኝ ነበር። ሞተር መግዛት እንደምትፈልግ ግን የነገረችው ለአንተ ነው። አንተም ራስህ የምትነዳውን አውጥተህ ሰጠሃት። እኔ ያወቅሁት የሱቄ ደጃፍ ላይ ለአንድ ሰው ሱሪ ስለካ፣ አንተን ከኋላዋ አስቀምጣ እየሳቀች ስታልፍ ነው። ዞር ብላም አላየችኝ።

በዚያው ሳምንት ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው ማዞሪያ ላይ አንድ ወጣት ከነሞተሩ ወደቀ። ልጁ ተርፏል አሉ። እኔ ግን አስፋልቱ ላይ የቀረችውን አንድ እግር ጫማ ሳያት ዋልኩ። ማንም አላነሳትም።

ስለዚህ ጸለይኩ። «ይህ ሞተር አይነሳ» ብዬ ጸለይኩ። ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ ሞተሩ በአንድ ምት ይነሳል። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከቁርጥራጭ ቅርጫቴ ሰማያዊ መስመር ያለው ጨርቅ መዝዤ ቱቦው ውስጥ ወተፍኩ። ልብስ ሰፊ ጨርቅ አያጣም። ፈጣሪ የዘገየ መስሎኝ አገዝኩት እንግዲህ።

በፍርሃት ነው ያደረግሁት? እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለራሴ እንዲያ እለው ነበር። አሁን ያንን ማለዳ ሳስበው ግን የምትታየኝ ያቺ ጫማ ብቻ አይደለችም፤ የልጅቷ ሳቅም ይሰማኛል። እኔ ጋ እንዲያ ስቃ አታውቅም። እጄን የመራው ፍርሃት ይሁን ቅናት ብጸልይበትም አልተለየልኝም።

የቀረውን አንተ ከእኔ ይልቅ ታስታውሰዋለህ። ሞተሩ እምቢ ሲላት ደወለችልህ፤ «ከምሳ በኋላ እመጣለሁ» አልክ። እኔ ከምሳ በፊት ጨርቁን አወጣሁት። መጥተህ አንዴ ብትረግጠው ተነሳ። «ጋሼ፣ እኔን ናፍቆ ነው እንጂ ምንም የለበትም» ብለህ ሁላችንንም አሳቅኸን። እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ መልሼ ወተፍኩት። ደግመህ መጣህ፤ ደግሞ ተነሳ። ያኔ እህትህ አልሳቀችም። «አንተ ስትነካው ብቻ የሚነሳው ምን ብታደርግበት ነው?» አለችህ።

ለሦስተኛ ጊዜ ወተፍኩት፤ ያን ዕለት ግን ሳትደውል መጣህ። እኔ ሱቅ ነበርኩ። ቤት ስደርስ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ተጣብቆ ትረግጣለህ፣ ትረግጣለህ፤ ሞተሩ ያስላል እንጂ አይነሳም። ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ነቅለህ ጠረግህ። ቤንዚኑን አየህ። ከዚያ ካቻቢቴህን ይዘህ ወደ አየር ሳጥኑ ጎንበስ አልክ። ያን ጊዜ ነው እህትህ የጮኸችብህ።

«ተወው በቃ! ለእህትህ ልጅ የተጠጋገነ ሞተር ሸጠህ ደጄ ላይ ድራማ አትሥራ!»

«እህቴ፣ በእናታችን ይዤሻለሁ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው።»

«እናታችንን ከዚህ አውጣት!»

ዞር ብለህ አየኸኝ። «ጋሼ፣ አንተ እንኳ ንገራት እንጂ።»

«እኔ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ?» አልኩህ።

ካቻቢቴህን መሬት ላይ ጥለህ ሄድክ። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ከመቀሶቼ ጋር ናት። ልጅቷ ሌላ መካኒክ ላምጣ ስትል እናቷ «አጎቴ አታለለኝ ብለሽ ገመናችንን ለባዕድ ልታወጪ ነው?» ብላ ከለከለቻት፤ ሞተሩን በሸራ ሸፈንነው። እኔም ጨርቁን አውጥቼው ሞተሩ ቢነሳ ምን እላለሁ ብዬ ተውኩት። ወሬው ግን አልተሸፈነም። የገዛ እህቱን ልጅ ያታለለ ሌላውን ምን ያደርገዋል እያሉ ደንበኞችህ ሲርቁህ፣ ጋራዥህን ዘግተህ አሁን ወዳለህበት ከተማ ሄድክ።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። እህትህ ታማ አልጋ ላይ ሳለች፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ትራሷን ሳስተካክልላት «እኔ የምለው፣ ያ ወንድሜ ምን አስቦ ነው እንዲያ ያደረገን?» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም። የጠፋባትን ዕቃ እንደምትፈልግ ሰው ነበር የጠየቀችኝ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። «ውሃ ላምጣልሽ» ብዬ ተነሳሁ። ብርጭቆውን ይዤ ስመለስ ተኝታለች። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ኖረች፤ ዘጠኙንም ቀን ውሃ ሳመላልስ ነበር። በቀብሯ ዕለት ከሰው ኋላ ቆመህ፣ ልጅቷ ፊቷን ስታዞርብህ አይቻለሁ።

ከሁለት ወር በፊት ሸራውን ገለጥኩት። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ጨርቁን አወጣለሁ፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ከዚያ እናዘዛለሁ። ሳጥኑን በራስህ ካቻቢቴ ከፍቼ ጨርቁን ጎትቼ አወጣሁ። እርጥበት በልቶታል። አዲስ ቤንዚን ሞላሁ፤ ባትሪውን ቻርጅ አስደረግሁ። ረገጥኩት። አልተነሳም። በማግስቱም ረገጥኩት። ጉልበቴ አበጠ እንጂ አልተነሳም።

ግራ ገባኝ። ጨርቁ ከወጣ ለምንድነው የማይነሳው? ወይስ ድሮም ችግሩ ጨርቁ አልነበረም? እውነትም የተጠጋገነ ሞተር ሸጠህልን ከሆነ እኮ ጥፋቴ ግማሽ ነው። ይህን ሳስብ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ደግሞ አስፈራኝ። ጠዋት ጠዋት ስንበረከክ ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። ያኔ አይነሳ ብዬ የለመንኩ ሰው፣ አሁን ይነሳ ልበል? ቢነሳ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ባይነሳ አንተ ነህ። ፈጣሪም በእኔ ግራ ሳይጋባ አይቀርም፣ ይቅር ይበለኝ።

በመጨረሻ እየገፋሁ ታችኛው መንገድ ላይ ካለ መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ ስለሚያዳምጥ «ጆሮ» ነው የሚሉት።

«ከቆመ ስንት ጊዜ ሆነው?» አለኝ።

«ሦስት ዓመት አልፎታል።»

«እንዴ አባባ! ሦስት ዓመት ቢያቆሙኝ እኔስ መቼ እነሳለሁ?» ብሎ ሳቀ። ካንዴላውን ነቀለ፤ ጥቁርና እርጥብ ነው። «ብልጭታ አለው። ቤንዚንም ይደርሰዋል፣ እንዲያውም በዝቶበታል። የቀረው አየር ነው። ይሄ ሞተር ታፍኗል።» የጎማ ቱቦውን ፈታና ጣቱን ከቶ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ጎትቶ አወጣ። እኔ ስጎትተው ተቀዶ የቀረው ነው።

«አይጥ ናት» አለ። «የቆመ ሞተር ውስጥ ጎጆ ይሠራሉ።»

«እሷ ትሆናለች» አልኩ። ሳላስብ ነው ያልኩት። ለካ አፌ ለውሸት አሁንም ፈጣን ነው።

ጆሮ ቁራጩን ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው። ጠርዙ ዚግዛግ ነው፤ ክሩ እንዳይተረተር በምንቆርጥበት ባለ ጥርስ መቀስ የተቆረጠ። «ይቺ አይጥ ግን መቀስ አላት እንዴ?» አለ። ከዚያ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አየና ሳቁን ዋጠው። ጨርቁን መዳፌ ላይ አስቀምጦልኝ ካርቡራተሩን ማጠብ ጀመረ። ሲጨርስ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ሞተሩን ይዞት የነበረው ሰው እጁ ንጹሕ ነው፤ አንድ ብሎን እንኳ አላበላሸም» አለኝ። «በሉ ይምቱት።»

አንዴ ረገጥኩት። ተነሳ።

በመንገድ ላይ እየገፋሁት ስመለስ የትኛውን ይቅርታ አስቀድሜ እንደምለምንህ ግራ ገባኝ። የስምህን? የጋራዥህን? የእህትህንስ ማን ይቅር ይለኛል? ደግሞም ለአንተ መጻፍ ይቀላል፤ ወረቀት ፊት የለውም። ለልጅቷ በአፌ ሳልነግር ይህን ደብዳቤ ላልልክ ለራሴ ቃል ገባሁ። አሁን የምትሠራበት ከተማ ሆና እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። ሦስት እሑድ ደወለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጉልበቴ ብቻ አወራን።

ዛሬ እኔ ደወልኩላት። መጀመሪያ ሞተሩን ግቢ ውስጥ አስነስቼ ስልኩን አስጠጋሁት።

«አባዬ፣ ምንድነው የሚጮኸው?»

«የአጎትሽ ሞተር ነው።»

«ማን ሠራው?»

«ድሮም ጤነኛ ነበር። ያፈንኩት እኔ ነኝ» አልኩና የቀረውን በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት። ሞተሩን ለምን እንዳላጠፋሁት አላውቅም። ድምፁ ቃሌን እንዲሸፍንልኝ ፈልጌ ይሆናል።

«እማዬ ይህን ሳታውቅ ነው የሞተችው?»

«አዎ ልጄ።»

ስልኩን የምትዘጋው መሰለኝ። አልዘጋችውም።

«ሞተሩን አጥፋውና እንደገና ንገረኝ» አለችኝ።

አጠፋሁት። ግቢው ጸጥ አለ። ከቁርጥራጭ ቅርጫቱ ጀምሬ እስከ ውሃው ብርጭቆ ድረስ፣ አንድም ሳልዘል፣ ነገርኳት።

የእህትህ ባል