ከግንቡ ጀርባ የነበረው ውሃ

ይድረስ ለናፍቆታችን ለጋሼ፤ ይህቺ ወረቀት ባለህበት በሰላም ታግኝህ። እኛ ደህና ነን።

አባባ ዕድሜውን የፈጀበት የመርከብ ጥገና ግቢ ሥራ ካቆመ ወዲህ ግንቡ ፈርሶ ለሕዝብ ተከፍቷል። ብታየው ጉድ ትላለህ! መርከብ ይጠገንበት የነበረው ጉድጓድ መዋኛ ሆኗል፤ ክሬኑ ሥር ሙዚቀኞች ይጫወታሉ። ያ ሁሉ ዝገትና ጭስ የት እንደገባ እንጃ።

እሑድ እማዬን ወሰድኳት። መንገዱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኛ ግን በየአግዳሚ ወንበሩ እየተቀመጥን ረፋዱን ሙሉ ሄድነው። ደግነቱ ወንበሩ ብዙ ነው። ውሃው ዳር ስንደርስ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

«ይሄ ሁሉ ከጓሮዬ ነበር? እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት የመዶሻ ድምፅ ብቻ ነው!»

ሰሞኑን ጫማ ስለሚጠባት አወለቅኩላት። እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ እንደ ልጅ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ አብሯት ሳቀ።

ስንመለስ «ለወንድምሽ ስለ ውሃው ብቻ ጻፊለት» አለችኝ። ይኸው፣ ስለ ውሃው ብቻ ጻፍኩልህ።

ግን ጋሼ፣ ከክረምቱ በፊት ብትመጣ ጥሩ ነው። ውሃው የሚያምረው አሁን ነው።

በዓይነ ሥጋ እስክንተያይ ፈጣሪ ይጠብቅህ።

እህትህ